በክፍት ደጅ የተለጠፈ ሞት

ሞሁዋ ላሂሪ ኮምፒዩተሯ ፊት እንደተቀመጠች ሞታ ተገኘች። አንገቷ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። የጣራው ማራገቢያ ይዞራል፤ በዞረ ቁጥር ግንባሯ ላይ ያለውን ፀጉር ብድግ ያደርግና መልሶ ይተወዋል፣ ሥራ እንደፈታ ሰው። ጠረጴዛው ላይ የተጠበሰ ጥሬ ማንጎ ጭማቂ የነበረበት ብርጭቆ አለ። ጉንዳኖች ከፖሊስ ቀድመው ደርሰውበታል።

ያገኛት ታናሽ ወንድሟ ትሪዲብ ነው። አባታቸው ትቶላቸው በሄደው የሰሜን ኮልካታ አሮጌ ቤት እሷ ላይ፣ እሱ ታች ይኖራሉ። ምሳ ልትበላ ሳትወርድ ስትቀር ወጥቶ አያት፤ ነካት። ከዚያ ወርዶ ሩዙን በዓሳ መረቅ በልቶ ጨረሰ፣ ከዚያ ፖሊስ ጠራ። ለምን እንዲያ እንዳደረገ ሲጠየቅ ሩዙ ሊቀዘቅዝ ነበር አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። አንዱ ሲደነግጥ ይጮሃል፣ ሌላው ይበላል።

የመጣችው ኢንስፔክተር ጆርና ባውሪ ናት፤ ከባንኩራ ገጠር የወጣች፣ አጭር፣ ሰፋ ያለች፣ የካኪ ሱሪዋን እስከ ደረቷ የምትስብ ሴት። ቀኑን ሙሉ ሄል ታኝካለች። ልቦለድ አንብባ አታውቅም፤ የተጠርጣሪዎች ቃል ይበቃኛል ትላለች። ከኋላዋ ኮንስታብል ናስካር ላቡን እየጠረገ ደረጃውን ወጣ።

ኮምፒዩተሩ እንደበራ ነው። የተከፈተው «ክፍት ደጅ» የሚባለው የሞሁዋ ድረ ገጽ ነው። ኒናድና ቢሹ የሚባሉ ሁለት መርማሪዎች ያሉበት የቴሌቪዥን ድራማ ነበር። ድራማው ካለቀ ቆይቷል፣ ወዳጆቹ ግን አላለቁም። ቁጭ ብለው የራሳቸውን ታሪክ ይጽፋሉ፤ ኒናድን ይድራሉ፣ ቢሹን ይገድላሉ፣ ሲያሰኛቸው ደግሞ ያስነሱታል። የሚለጥፉት እዚህ ነው። ዛሬ በላይኛው ቦታ የተለጠፈው ግን ስለ ኒናድም ስለ ቢሹም አይደለም።

«ደክሞኛል። ‹የሰገነቷ ልጅ›ን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የጻፈችው ትጠየቅበት። ክፍት ደጅ ይዘጋ። ሞሁዋ።»

ከጽሑፉ በላይ በቀይ «ሞት አለበት። ራስን ማጥፋት አለበት።» የሚል፣ በውስጡ ያለውን ለአንባቢ የሚናገር ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል። ከሥር አንባቢዎች አስተያየት ይጥላሉ። እውነት መሆኑን አላወቁም። አንዷ «ልብ ይነካል፤ ቀጣዩ ምዕራፍ መቼ ነው?» ብላለች። ጆርና ይህችን ደግማ አነበበቻት፤ ፊቷ ላይ ግን ምንም አልታየም።

«ያለቀ ነገር ነው ማዳም» አለ ናስካር። «ራሷን ገደለች፣ ምክንያቱንም ጻፈች። የቀረን ጸሐፊዋን ይዘን፣ ሰው ራሱን እንዲገድል አነሳስታለች ብለን መክሰስ ነው።»

«ያለቀ ከሆነ ለምን ያልብሃል?»

«ሙቀቱ ነው ማዳም።»

ላይ ያለውን የሞሁዋን ወጥ ቤት ልታይ ሄደች። መታጠቢያው ላይ የሰሃን ተራራ ቆሟል፤ የትናንቱ ምስር ከትናንት ወዲያ በቀረው ሩዝ ላይ ደርቋል። ከተራራው አጠገብ አንዲት ብርጭቆ ብቻ ታጥባ፣ ተደፍታ፣ ታበራለች። ምድጃው አቧራ ለብሷል። ጥግ ላይ አንድ ከረጢት ጥሬ ማንጎ አለ፤ ሁሉም ሙሉ፣ ቅጠላቸው እንኳን አልተነቀለም። የቆሻሻ መጣያው ውስጥ የማንጎ ልጣጭ የለም። ጆርና መጣያውን እስከ ታች ስትጎረጉር ናስካር ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ።

ሐኪሙ እንዳለው የገደላት በጭማቂው ውስጥ የተፈጨ የእንቅልፍ መድኃኒት ነው። የራሷ መድኃኒት ነው፣ ከራሷ መሳቢያ የወጣ። የጥሬ ማንጎ ኮምጣጣነት ምን የማይሸፍነው መራራ አለ?

ትሪዲብ ታች ሳሎን ውስጥ ቃሉን ሰጠ። ቤቱን ማፍረስና ለፎቅ ሠሪ መሸጥ ይፈልግ እንደነበር፣ እህቱ እንቢ እንዳለች፣ ስለዚህም ተጣልተው እንደሚያውቁ አልደበቀም። ስለ ድረ ገጹ ሲጠየቅ ግን ከንፈሩን አጣመመ። እዚያ የሚጻፈው ብልግናና ሬሳ ነው፣ እሱ አንድ መስመር አንብቦ አያውቅም፣ ጊዜም የለው። ጆርና ራሷን እየነቀነቀች አዳመጠችው። ከዚያ በአንዱ ታሪክ ውስጥ ቢሹ ዓይነ ስውሯን ልጅ ሲያገባ በጣም አሳዘነኝ፣ ናስካር ነው የነገረኝ አለች።

«ዓይነ ስውር አይደለችም» አለ ትሪዲብ። «አስመስላ ነው። በኋላ ላይ እኮ...»

ናስካር ጉሮሮውን ጠረገ። ጆርና ሄሏን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛወረች።

«የለጠፉትስ አለ?»

«አንባቢ ብቻ ነኝ» አለ ትሪዲብ ወደ ወለሉ። «መለጠፊያው የት እንደሆነም አላውቅ። ለሚስቴ እንዳይነግሩብኝ።»

እቃ ማን እንደሚያጥብ ጠየቀችው። የቀጠሯት ሴት ልጇን ልትድር አገሯ ሄዳለች፤ ሞሁዋ ደግሞ ከተወለደች ብርጭቆ አጥባ አታውቅም፣ እናታቸው ስትሞት እንኳን ለቀስተኛው ነው ያጠበው አለ። ያን ቀን ጠዋት ማን እንደመጣ አያውቅም፤ ገበያ ወጥቶ ነበር። የላይኛው በር ለወዳጆቿ ሁልጊዜ ክፍት ነው።

የ«ሰገነቷ ልጅ»ን ጸሐፊ ለማግኘት ችግር አልነበረም። በክፍት ደጅ ሁሉም የሚጽፈው በብዕር ስም ነው፤ ያቺም «የእሳት እራት» ተብላ ነው የምትታወቀው። እውነተኛ ስም የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዷ ሞታለች። ሁለተኛዋ የማስጠንቀቂያዎቹ ጠባቂ ኒቤዲታ ሳርካር ናት፤ ናስካር ስልክ ደውሎ ጥያቄውን ሳይጨርስ ስሙንም አድራሻውንም ሰጠችው።

የእሳት እራት ሩፕሻ ማይቲ የምትባል የባራሳት ልጅ ሆና ተገኘች፤ ኮሌጅ የጨረሰች፣ ቀጭን፣ ጥፍሯን እስከ ሥጋው የምትበላ። አባቷ ሃራዳን ማይቲ የሴቶች ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነው፤ ልጁ ለአምላክ መዝሙር የምትጽፍ ይመስለዋል። በሚቀጥለው ወር እዚያው ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆና ልትገባ ነው። ክስ ከተመሠረተባት ስሟና ፎቶዋ፣ ከታሪኳ በጣም አስቀያሚው ዓረፍተ ነገር ጋር፣ በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ጋዜጠኞች የሞሁዋ በር ላይ ሻይ እየጠጡ ነበር። የጆርና አለቃም ፋይሉን እስከ ነገ እፈልጋለሁ ብሏል።

ሩፕሻ ጣቢያ ስትቀርብ አላለቀሰችም። ማልቀስ እንዳለባት ታውቃለች፤ ልክ ስልክ ቁጥሩን እያወቁት ጣት እንደማይታዘዝ ዓይነት ነው። እጆቿ ጉልበቷ ላይ ተቀምጠዋል፣ የሌላ ሰው ይመስላሉ። አዎ፣ ያን ዕለት ጠዋት ማንጎዎቹን ያመጣችው እሷ ናት፤ ከግቢያቸው ዛፍ ነው። ሰጥታት፣ ትንሽ ስቀው ሄደች።

ጆርና የድረ ገጹን ሕግ እንድታስረዳት ጠየቀቻት።

«ሁሉም ይገባል፣ ምንም አይወጣም» አለች ሩፕሻ። «ይኸው ነው።»

«ምንም?»

«ምንም። ጸያፉም፣ አስፈሪውም፣ ደደቡም። በተለይ ደደቡ።»

እንዲህ የሆነበት ምክንያት አለው። ክፍት ደጅ ከመከፈቱ በፊት ሁሉም የሚጽፍበት ሌላ ድረ ገጽ ነበር፤ አንድ ቀን ባለቤቶቹ ነውር ነው ያሉትን ሁሉ ጠረጉት። የሴቶች የስንት ዓመት ጽሑፍ እንደ ወለል አቧራ ሄደ። ሞሁዋ ያኔ ነው የራሷን የከፈተችው። አንዱን ካወጣሁ ሁሉንም እንዳወጣ ይጠይቁኛል፣ ትል ነበር። ለአንባቢ የሚቀርለት መከላከያ ማስጠንቀቂያው ነው፤ ጸሐፊው ሞት አለበት፣ ድብደባ አለበት እያለ ከላይ ይለጥፋል። ካልፈለገ ደግሞ «አልናገርም» የሚለውን ይመርጣል። ያ ማለት ስትገቢ የሚያጋጥምሽን በራስሽ ቻይው ነው።

ሞሁዋ ለራሷ ታሪክ የትኛውን ትመርጥ እንደነበር ጆርና ጠየቀች።

«ሁልጊዜ ‹አልናገርም›። ኒናድና ቢሹ ቁርስ ሲሠሩ የሚውሉበት ታሪክ አላት። ሌላ ነገር የለውም፣ እንቁላል ይቀቅላሉ። እሱም ላይ ‹አልናገርም› ብላለች።»

«እንቁላሉስ?»

«ደህና ነው። በሰላም ተበላ።»

ሁለቱም አልሳቁም፤ ግን አየሩ ትንሽ ቀለለ። ከዚያ ስለ «የሰገነቷ ልጅ» ተነጋገሩ። ሩፕሻ ታሪኩን ያገኘችው ከጋዜጣ ጥግ ላይ ነው። አንዲት የቤሃላ ሰፈር ተማሪ የፈተና ውጤት ሰምታ ከቤታቸው ሰገነት ወደቀች ይላል፤ ስሟን አልጻፈም። ከመውደቋ በፊት ሰንደሏን አውልቃ ግንቡ ሥር ጎን ለጎን አስቀምጣው ነበር። ሩፕሻ ሰንደሉን መተው አልቻለችም። ለኒናድና ቢሹ የምርመራ ጉዳይ አደረገችው። ማስጠንቀቂያውን ደግሞ እንደ ሞሁዋ ተወችው።

በታሪኩ የተቆጣ ሰው ነበር ወይ ተባለች። አንዲት ስም የሌላት አንባቢ መልእክት ልካ ነበር አለች፤ ታሪኩን አውርጂው አላለችም፣ ከላይ አንዲት መስመር ብቻ ጨምሪበት አለች።

«ምን መለስሽላት?»

«ሁላችንም የምንመልሰውን። ‹ካልወደድሽው አታንብቢው።› የሚስቅ ፊትም አደረግኩበት።»

ጆርና ልጅቷን ወደ ቤቷ ሰደደቻት። ናስካር ተጠርጣሪ እንዴት ይለቀቃል ብሎ አጉረመረመ። ጆርና ግን ኮምፒዩተር ፊት ቁጭ ብላ የክፍት ደጅን መለጠፊያ ገጽ ከፈተች። የማስጠንቀቂያው ሳጥን ላይ «አልናገርም» የሚለው አስቀድሞ ተመርጦ ይጠብቃል። ሌላ የሚፈልግ ሰው ያንን አጥፍቶ፣ ረጅሙን ዝርዝር ወደ ታች ወርዶ፣ አንድ በአንድ መልቀም አለበት። ወረደች፤ ወረደች። ሞትን ለማግኘት ጣቷ ደከመ።

ኒቤዲታ ሳርካር ጡረታ የወጣች የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ቤቷ ቤሃላ፣ ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ጆርና ስትገባ ሳሎኑ በእርጥብ ልብስ ተሞልቶ ነበር። ከመስኮት እስከ ቁም ሳጥን ገመድ ተወጥሯል፤ የአልጋ ልብሱ ሶፋው ላይ ያንጠባጥባል። ውጪ ፀሐዩ ድንጋይ ይሰነጥቃል፣ የጎረቤቱ ሁሉ ልብስ ሰገነት ላይ እንደ ፓፓድ ቂጣ ደርቆ ይንኮሻኮሻል። ጆርና አንገቷን ዝቅ አድርጋ ከአንድ ሳሪ ሥር አለፈች።

«ሰገነት የላችሁም እንዴ ዲዲ?» አለች። ከእሷ ከፍ ያለችን ሴት ሁሉ እህቴ ብላ ነው የምትጠራው።

«አለ» አለች ኒቤዲታ።

ወደ ሰገነት የሚያወጣው በር ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነበር። የበርበሬ መጋዘን የሚዘጋበት ዓይነት ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ግድግዳው ላይ የትምህርት ቤት ልብስ የለበሰች ልጅ ፎቶ አለ፤ የነጭ አበባ ጉንጉን ተደርጎበታል። ጉንጉን የሚደረገው ለሞተ ሰው ነው። ጆርና ማን ናት ብላ ጠየቀች፤ ልጄ ናት፣ በሙቀት ወቅት ሞተች አለች ኒቤዲታ፣ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት እንደሚናገር ሰው። ከዚያ ጣፋጭና ውኃ አቀረበች።

ምድጃዋ ዓይን ላይ የተጠበሰ ማንጎ ጭማቂ ፈስሶ ጠቁሯል። ጆርና አየችው፣ ግን ምንም አላሰበችበትም። በቦይሻክ፣ በሙቀቱ ወር፣ ማንጎ የማይጠብስ የኮልካታ ቤት ካለ ባዶ ቤት ነው።

ስለ ማስጠንቀቂያዎቹ ስትጠየቅ ግን ሴትዮዋ ነቃች። ማንም አንባቢ ሳያስበው እንዳይደነግጥ ስንት ዓመት ሙሉ በየዕለቱ ተቀምጣ ታስተካክላለች። አንዱ «ሰው ይሞታል» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ሬሳ»፣ ሌላው «እያለቀስኩ ነው የጻፍኩት»፤ እሷ ሁሉንም አንብባ ወደ ትክክለኛው ቦታ ትመልሳለች፣ የሚፈራ ሰው ፈልጎ እንዲሸሽ። ደመወዝ የለውም። ምስጋናም የለውም። «አልናገርም» የሚለውን ግን መንካት አትችልም፤ ሕጉ ነው።

«ሕጉን ይወዱታል?»

ኒቤዲታ አንዲት ሸሚዝ ከገመዱ አውርዳ አጠፈቻት፤ እርጥብ እንደነበረች ያወቀችው ከታጠፈች በኋላ ነው።

«ሞሁዋ ታምንበት ነበር» አለች።

በማግስቱ ከሰዓት በፊት ጆርና ሦስቱንም ሞሁዋ ክፍል ሰበሰበቻቸው። የሞሁዋ ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም። ትሪዲብ መስኮቱ ጋር ቆመ፤ ሩፕሻ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እጆቿ እንደገና ጉልበቷ ላይ። ኒቤዲታ ቦርሳዋን ታቅፋ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። አለቃዬ ፋይሉን ከምሳ በፊት ይፈልጋል አለች ጆርና፤ እኔ ደግሞ ልቦለድ አላውቅምና ምን እንደምከስ ልወቅ፣ አብረን እንስማው። ከታጠፈ ወረቀት ላይ ማንበብ ጀመረች። አነባበቧ የመንጃ ፈቃድ እንደሚያነብ ሰው ነው።

«‹ኒናድ ወደ ሰገነቱ የወጣው ከሁሉም በፊት ነው። ግንቡ ሥር ሁለት ሰንደሎች...›»

«መጀመሪያ ይንገሯቸው» አለች ኒቤዲታ።

ጆርና ቀና አለች። «ምን ብዬ?»

«ምን እንዳለበት። ሰው እንዲያው አይገባበትም።»

ማራገቢያው ዞረ። ጆርና ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«ጨርሻለሁ ዲዲ» አለች። «ሌላ አላነብም።»

ከዚያ ድምፅዋን ሳትቀይር አስረዳቻቸው። ሞሁዋ ያን ጠዋት ብቻዋን አልነበረችም። ከሰሃን ተራራ አጠገብ አንዲት ብርጭቆ ታጥባ ነበር፤ የቤቱ ሰው አጥቦ አያውቅም፤ ያጠበው የራሱን ጠጥቶ የጨረሰ እንግዳ ነው። ማንጎ የተጠበሰው እዚህ ምድጃ ላይ አይደለም፤ ልጣጭ የለም፣ ሩፕሻ ያመጣቻቸውም እንዳሉ ናቸው። ስለዚህ ጭማቂውን ይዞ የመጣ ሰው አለ፣ መድኃኒቱ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው። እዚህ ድረስ ከሦስታችሁ አንዳችሁ ናችሁ አለች።

«ከዚያ ስንብቱ ተለጠፈ። ሩፕሻ ብትጽፈው ኖሮ ራሷን አትከስም ነበር። ያቺን አውጣኋት። አቶ ትሪዲብ ድረ ገጹ ቢዘጋ ደስ ይላቸዋል።»

«ደስ አይለኝም» አለ ትሪዲብ፣ ያልጨረሰው ታሪክ እንዳለ ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

«እሺ፣ አይልዎትም። ግን ገድለው ቢሆን፣ እህትዎ ሬሳ ሆና አጠገብዎ እያለች ምን ያደርጋሉ? ይጽፋሉ፣ ይለጥፋሉ፣ ይሸሻሉ። ሳጥኑ ላይ ‹አልናገርም› አስቀድሞ ተመርጧል። ሞሁዋም ራሷ ብትሆን እሱን ነበር የምትተወው፤ ለተቀቀለ እንቁላል እንኳን የተወችው ሴት ናት። ይህ ስንብት ላይ ግን አንድ ሰው ያንን አጥፍቷል። ረጅሙን ዝርዝር ወርዷል። ‹ሞት አለበት›ን ፈልጎ ለቅሟል። አልበቃውም፤ ‹ራስን ማጥፋት አለበት›ንም ጨምሯል። እኔ ራሴ ሞክሬው ጣቴ ደክሟል። ሰው ገድሎ፣ ማንም ሊገባ በሚችልበት ክፍል ውስጥ፣ የማያውቀው አንባቢ እንዳይደነግጥ የሚጨነቅ ማን ነው?»

ኒቤዲታ ቦርሳዋን ከጭኗ ላይ አውርዳ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

«ሌላው ነገር ሰገነቱ ነው» አለች ጆርና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በዚህ ፀሐይ ልብስ ቤት ውስጥ አይሰጣም። በሩም እንደዚያ አይቆለፍም።»

«ከልጄ ወዲህ አልወጣሁም» አለች ኒቤዲታ።

ሩፕሻ ይህን የሰማችው ውኃ ውስጥ እንዳለች ሆና ነው። መጀመሪያ ቃሉ ደረሳት፤ ትርጉሙ ዘግይቶ መጣ።

ኒቤዲታ ስትናገር ማንንም አላየችም። አንድ ቀን እንደልማዷ ማስጠንቀቂያ ልታስተካክል ተቀምጣ፣ «አልናገርም» የሚል ታሪክ ከፈተች። ሦስተኛው መስመር ላይ የልጇን ሰንደል አገኘችው። ጎን ለጎን። የተበጠሰው ማሰሪያ እንኳን አልቀረም፤ ጋዜጣው ጽፎት ነበርና። ለጸሐፊዋ ስሟን ሳትገልጽ ጻፈች፤ ተሳቀባት። ሞሁዋን ለመነቻት። ሞሁዋ ስለ ልጇ ታውቅ ነበር፣ ቀብሯም ላይ ቆማለች፤ አቅፋ አለቀሰችላት፣ ግን እንቢ አለች። ጸሐፊ ማስጠንቀቂያ ካልፈለገ አላስገድደውም፣ ለእናቴም አላደርገውም አለች። ለመጨረሻ ጊዜ ያን ዕለት ጠዋት፣ ቀደም ሲል ከመሳቢያዋ የወሰደችውን መድኃኒት የፈጨችበትን ጭማቂ ይዛላት ሄደች። አንዴ ደግሜ እጠይቃታለሁ፣ እሺ ካለችኝ እደፋዋለሁ ብላ ነበር። ሞሁዋ እየሳቀች «ኒቡ፣ ዛሬም ያንኑ ነው?» አለቻት። ከዚያ ጠጣች።

«ታሪኩ ይውጣ አላልኩም» አለች ኒቤዲታ። «አንዲት መስመር ነው የጠየቅኩት። ስንት ዓመት በር ላይ ቆሜ ለሰው ሁሉ ተጠንቀቁ ስል ኖርኩ። ለእኔ የቆመልኝ የለም።»

ትሪዲብ ከመስኮቱ ዞር አለ። ከዚያ ታች ወርዶ አንድ ብርጭቆ ውኃ አምጥቶ እህቱን ለገደለችው ሴት ሰጣት። እሱም ለምን እንደሰጣት አያውቅም። ጠጣች።

ናስካር ሊወስዳት ሲነሳ ሩፕሻ ብድግ አለች። ይቅርታ ልትል ነበር፤ ይቅርታ የሚለው ቃል ግን እንደ ጣሳ ባዶ ሆኖ ተሰማት።

«ስሟ ማን ነበር?» አለች።

ኒቤዲታ አየቻት። እስከዚያች ደቂቃ አላየቻትም ነበር።

«አሁን ነው የምትጠይቂው?»

«አዎ ማሺ» አለች፣ አክስት እንደሚጠራ። «አሁን ነው።»

«ቱልቱሊ» አለች ኒቤዲታ፤ ደረጃውን ወረደች። በር ላይ ያሉት ጋዜጠኞች የሻይ ኩባያቸውን ሲወረውሩና ሲሯሯጡ ላይ ድረስ ተሰማ።

ሩፕሻ አሁን ነጻ ናት፤ ልትሄድ ቦርሳዋን አነሳች። ጆርና አልጋው ላይ መልሳ አስቀምጣት አጠገቧ ተቀመጠችና አዲስ ሄል ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻት። ሴትዮዋ አሁን የተናገረችው ነገር ፍርድ ቤት አይቆምም አለቻት፤ በዚህ አገር ለፖሊስ የተሰጠ የእምነት ቃል ማስረጃ አይሆንም። ብርጭቆዋ ብርጭቆ ብቻ ናት፤ የማስጠንቀቂያውን ነገር ደግሞ ጠበቃዋ ስቆ ይጥለዋል። የሚቆመው ምክንያቱ ነው። አንዲት እናት ጠይቃ እንደነበር፣ ምን እንደተመለሰላት። ያንን ሊመሰክር የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው።

«በብዕር ስሜ?»

«በአባትሽ ስም።»

«እንቢ ብልስ?»

«እንቢ ማለት ትችያለሽ። ክስ የለብሽም። ጋዜጣም አይጽፍሽም። አስተማሪ ትሆኛለሽ።» ጆርና ትከሻዋን ነቀነቀች። «እሷም ምናልባት ወደ እርጥብ ልብሷ ትመለሳለች። ሞሁዋን ግን ራሷን ገደለች ይሏታል፤ ክፍት ደጅም በታሪክሽ ምክንያት ተዘጋ ይባላል። እኔ አላስገድድሽም።»

ሩፕሻ ሄሉን አፏ ውስጥ አደረገችው። ምሬቱ ቀስ ብሎ መጣ፤ ከትናንት ጀምሮ የቀመሰችው የመጀመሪያ ነገር ነው። መምህራን ክፍል ውስጥ ሊቀመጥላት የነበረውን ወንበር አሰበች። አባቷ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣውን ከኋላ ገጽ ጀምሮ እንዴት እንደሚያነብ አሰበች።

ናስካር ተመልሶ ወጥቶ ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘረጋ። ስም ብሎ ጠየቃት። ሩፕሻ ማይቲ አለች። የአባት ስም፤ ሃራዳን ማይቲ። አድራሻውንም ሰጠችው። ሥራ ሲላት ትንሽ ዘገየች፣ ከዚያ ታሪክ እጽፋለሁ አለች፤ ናስካር ጆርናን አየና ጻፈው። መልእክቱ መቼ እንደመጣ፣ ምን እንዳለ፣ ምን እንደመለሰች ተናገረች። የሚስቀውን ፊት ሳትቀር። ፈረመች።

ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስክሪኑ ላይ «ባባ» ይላል። ጆርና ናስካርን በክርኗ ነካ አድርጋ ይዛው ወጣች። ሩፕሻ ስልኩን እስኪያቆም ልትተወው ትችል ነበር። አነሳችው። አባቷ ምሳ ቀርቦ እየጠበቀ ነው፣ የት ጠፍተሽ ነው፣ መንገዱ ተዘጋ እንዴ እያለ ቀጠለ፤ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ባባ» አለች። «የምነግርህ ነገር ሞት አለበት። እኔም አለሁበት። መጀመሪያ ቁጭ በል።»

ከወዲያ በኩል ወንበር ሲጎተት ሰማች።